ያበጠው ባትሪ

ባሕር ዳር በገባሁ በሦስተኛው ቀን የእህቴ ልጅ ስልክ ባትሪው አብጦ ጀርባውን ፈነቀለው። ጊዮርጊስ አካባቢ ወዳለ ሞባይል ጠጋኝ ይዤው ሄድኩ። ወጣቱ ባትሪውን በስሱ አላቆ መዳፉ ላይ አስቀመጠውና፣ "ጋሼ፣ ውስጡ ግን ምንድን ነው ያለው?" አለኝ።

ኦስሎ 14 ዓመት ስኖር ይህን የጠየቀኝ የለም። እዚያ ያለቀ ባትሪ ሱቅ ውስጥ ካለ ሳጥን ይጣላል፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኖርዌይ ውስጥ ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የኤሌክትሪክ ነበሩ። ጎዳናው ጸጥ ያለ ነው፤ ደስ ይለኛል። ግን የሚወራው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድና በብርድ ቶሎ ማለቁ ነው።

የማውቀውን ነገርኩት። ውስጡ ኮባልት የሚባል ማዕድን አለ፤ አብዛኛው የሚወጣው ከዴሞክራቲክ ኮንጎ ነው። ኮልዌዚ ከተማ ዙሪያ ኩባንያዎች በማሽን ይቆፍራሉ፤ እዚያው አጠገብ ደግሞ ሰው ዲጂኖ ይዞ ድጋፍ የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ጉድጓዱ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰው ሞቷል። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2014 በደቡብ ኮንጎ ማዕድን ላይ የሚሠሩ ልጆች 40 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ገምቶ ነበር። የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ አምነስቲ ያነጋገራቸው ልጆች 12 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ድንጋይ ሲለቅሙ፣ ሲያጥቡና ሲሸከሙ ውለው በቀን የሚያገኙት አንድ ወይ ሁለት ዶላር ነበር። ጓንት የለ፣ የአፍ መሸፈኛ የለ። አቧራው ሳንባ ይበላል።

"ስንት ዓመታቸው ነው?"

"ሰባት ዓመት የሆናቸውም አሉ።"

ዝም አለ። ቆይቶ፣ "እኔም በዚያ ዕድሜዬ ከአባቴ ጋር ከዘጌ እንጨት አመጣ ነበር" አለ። "ግን የሚሸከመው ታንኳው ነው።"

ወጥቼ በሐይቁ ዳር ስሄድ ይኸው ነገር አልለቀቀኝም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እኛም አገር የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። የብዙዎቹ የቻይና መኪኖች ባትሪ ኮባልት የለውም፤ እውነት ነው። ሊቲየም የሚባል ሌላ የባትሪ ማዕድን ግን አለው። ሊቲየም ደግሞ ጉጂ ውስጥ፣ ቀንጢቻ ላይ እኛም አለን። ማን ሊቆፍረው ነው? በስንት ብር? ምን ለብሶ? ጉድጓዱ ሳይጠልቅ፣ ዛሬ መጠየቅ አለብን።

ማታ ስልኩን ልወስድ ተመለስኩ። ያበጠውን ባትሪ አልጣለውም፤ ለብቻው አሸዋ የሞላ ጣሳ ውስጥ አስቀምጦታል። ሒሳቡን ተቀብሎ መልሱን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አየኝ።

"ሰባት ዓመት ነው ያሉኝ ጋሼ?"