የማሳችንን ድንበር እናውቃለን፣ የመንግሥታችንንስ?

ወገኖቼ፣ የጎጃም ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው እኔንም ይጨምራል።

ከመካከላችን የማሳውን ድንበር የማያውቅ የለም። ጎረቤት አንድ ትልም ቢገፋው እንቅልፍ አይወስደውም፤ ሽማግሌ ይጠራል፣ ቀበሌ ይሄዳል፣ አልሆን ካለው ፍርድ ቤት ይቆማል። የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን የት ድረስ ነው፣ የክልሉስ ከየት ይጀምራል ሲባል ግን ዝም ነው። «መንግሥት» እንላለን፣ አለቀ። ቀበሌውም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም ለኛ አንድ ናቸው።

በ2015 ሰኔ ላይ ቢቸና አካባቢ አጎቴ ዘንድ ነበርኩ። ማዳበሪያ ፍለጋ ስንት ቀን እንደተመላለሰ እሱ ነው የሚያውቀው። የማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ተሰልፎ ይውልና ባዶ እጁን ይመለሳል። ቀበሌው «ወረዳ ጠይቁ» ይላል፣ ወረዳው «ዞን አልላከልንም» ይላል፣ ዞኑ ደግሞ «ከላይ ነው»። ያ «ላይ» ማን እንደሆነ የሚነግር አልተገኘም። ነገሩ እኮ ድብቅ አይደለም! ማዳበሪያ በዶላር ከውጭ የሚገዛው በፌዴራል መንግሥት በኩል ነው፣ በጅቡቲ ይገባል። ከዚያ በኋላ በዩኒየንና በማኅበራት በኩል ወርዶ ገበሬው እጅ እስኪደርስ ያለውን መከታተል የክልሉ መዋቅር ሥራ ነው። እንግዲህ መርከቡ ነው የዘገየው ወይስ ጆንያው መንገድ ላይ ቀረ? ይህን ለይተን ካልጠየቅን ሁለቱም አንዱ ባንዱ እያሳበቡ ዘሩ ጊዜ ያልፍበታል።

አጎቴ አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር በፌስታል ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ነው የሚያኖረው። እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል። ደብተሩን የሰጠው ክልሉ ነው። ክልሉ ግን መሬት የሚያስተዳድረው ፌዴራል ባወጣው ሕግ መሠረት ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 እና 52 እንደዚያ ነው የከፈሉት። የገጠር መሬት መጠቀሚያና የገበሬው የእርሻ ገቢ ግብር ደግሞ የክልሉ ገቢ ነው፣ አንቀጽ 97። በየዓመቱ ደረሰኝ የምትቆርጡለት ክልል ነው ማለት ነው። ታዲያ ግብራችሁ ምን እንደሠራ ባሕር ዳርን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

አያቶቻችን በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ መሬታችን ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊነካ ነው ብለው ሞጣና ቢቸና ላይ ተነሱ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ንጉሡ ገዥውን አንስተው፣ ውዝፉን ግብር ምረው ነገሩን አበረዱት። እነዚያ ሰዎች ፊደል ያልቆጠሩ ይበዙባቸው ነበር፤ እምቢ ያሉትን ነገር ግን ለይተው ያውቁት ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ድንበር ተገፋ ብለን የምንጮኸው የኛ ሲነካ ብቻ ነው። ሐምሌ 2010 ላይ የፌዴራል ጦር የሶማሌ ክልል ዋና ከተማ ጅግጅጋ ሲገባ፣ በየትኛው አንቀጽ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን ማን ነበር? የክልሉ ፕሬዚዳንት በድሏል፣ ይበለው አልን። መበደሉ ሌላ፣ ሥርዓቱ ሌላ። አንድ ክልል ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ጣለ ከተባለ ፌዴራል ጣልቃ እንዲገባ የሚያዘው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ አንቀጽ 62 ላይ በግልጽ ተጽፏል። ያኔ ዝም ብለን በኋላ አንቀጹን ብንጠቅስ ማን ይሰማናል?

ልዩ ኃይልም፣ ክልሎች ከመደበኛ ፖሊስ ሌላ ያስታጠቁት ጦር፣ እንደዚያው ነው። ሕገ መንግሥቱ ለክልል የሰጠው ፖሊስ ነው፣ መከላከያ የፌዴራል ነው። ክልሎች ተራ በተራ ልዩ ኃይል ሲያደራጁ ግን አጨበጨብን፣ የኛም እንዲገዝፍ ተመኘን። መጋቢት 2015 ላይ ፌዴራል ይፍረስ ሲል ሕጉ ትዝ አለን። በቁጣችን አልፈርድም፤ በዚያ ሁሉ ስጋት መሀል ሕዝቡን በቅጡ ሳያወያዩ የሚሠራ ሥራ አልነበረም። ሲመሠረት አለመጠየቃችን ግን የራሳችን ጥፋት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የፌዴራል መንግሥት ይግባልኝ ብሎ የጠየቀው ደግሞ የክልሉ መንግሥት ነው። በኛ ስም የተቀመጠው ማለቴ ነው። አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የመጣው ያንን ተከትሎ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ወቀሳውን ሁሉ አዲስ አበባ ላይ አትከምሩት፣ ተስፋውንም እንደዚያው። ለፌዴራል ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ ተብሎ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልል ነው ይላል አንቀጽ 52፤ ያን ያህል ነገር እጁ ላይ ያለን መንግሥት «ምን ያድርግ፣ አቅም የለው» እያላችሁ አትለፉት። አመኔታ ያጣችሁበትን ተመራጭ የማንሳት መብትም አላችሁ፣ አንቀጽ 12። ለማንሳት ግን መጀመሪያ ማን እንደሆነ ማወቅ ነው።

ያን ሰኔ ማታ አጎቴ ደብተሩን መልሶ እየጠቀለለ፣ «ለመሆኑ ለክልል ምክር ቤት የመረጥነው ሰውዬ ስሙ ማን ነበር?» አለ። ቤት ውስጥ ስድስት ነበርን፣ ሁለታችን ዲግሪ አለን። እርስ በርስ ተያየን። ጎረቤት ተጠየቀ፣ ስልክ ተደወለ። እስክንተኛ ድረስ ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም።