ካሜራ ፊት ያልቀረበው ሴል

ሎስ አንጀለስ የሚኖሩ አንድ ትልቅ ሰው ሳሎናቸው ውስጥ የሰቀሉት የካርቱን ሥዕል፣ ሊጠይቋቸው በሄድንበት ቀን ለረጅም ክርክር ምክንያት ሆነ። ሥዕሉ ሮድ ራነር የተባለውን ፈጣን ወፍ ሲያሳድድ የሚኖረው፣ ተኩላ መሰሉ ኮዮቴ ነው። ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ላይ በእጅ የተቀባ ሲሆን፣ ግርጌው ላይ ዳይሬክተሩ ቸክ ጆንስ ፈርሞበታል፤ ከፊርማው ጎንም ከ500 ቅጂዎች ስንተኛው እንደሆነ የሚያመለክት ቁጥር ተጽፎበታል። የአኒሜሽን ሰዎች እንዲህ ያለውን የተሳለበት ፕላስቲክ ሴል ይሉታል።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ይህ ሴል ካሜራ ፊት ቀርቦ አያውቅም» አለ ከመካከላችን የድሮ ሴሎችን የሚሰበስበው ወጣት። አሜሪካዊው አኒሜተር ኤርል ኸርድ እ.ኤ.አ. በ1914 ለዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት ከጠየቀበት ጊዜ ጀምሮ ሴል የፊልም መሥሪያ ዕቃ እንደነበረ አስረዳን። አኒሜተሩ በወረቀት ላይ በእርሳስ የሳለው ሥዕል ወደ ፕላስቲኩ በቀለም ይገለበጣል፤ ከጀርባው ቀለም ይሞላል፤ ከዚያም የመልክዓ ምድሩ ሥዕል ላይ ተነጥፎ ፎቶ ይነሳል። ለአንድ ሰከንድ ፊልም 24 ምስል ስለሚያስፈልግ፣ አንድ ሥዕል ሁለት ጊዜ ፎቶ ቢነሳ እንኳ ሰከንዱ 12 ሥዕል ይፈጃል። «የእኔ ሴል ጠርዙ ላይ ማስተካከያ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጥግ ላይም የተራ ቁጥሩ ተጽፏል፤ ፊልሙ ውስጥ የትኛው ቅጽበት እንደሆነ በጣቴ ላሳይዎ እችላለሁ። የእርስዎ ግን ፊልሙ ካለቀ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለገበያ የተዘጋጀ ነው።»

«ታዲያ ልጄ፣ ያንተ ሴል ላይ ያረፈው የማን እጅ ነው? ዳይሬክተሩ ነክቶታል?» ሲሉ ጠየቁት። ወጣቱም ወዲያው መልስ አላገኘም። እሳቸው ቀጠሉ፤ ቸክ ጆንስ ኮዮቴውን እ.ኤ.አ. በ1949 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሳየ ሰው ነው፣ በስተርጅናውም ልጁ ሊንዳ ባቋቋመችው ድርጅት በኩል ገጸ ባሕርያቱን እንደገና እየሳለ በቅጂዎቹ ላይ ፈርሟል፣ ስለዚህ የሥዕሉ መነሻ የራሱ እርሳስ ነው አሉ። ወጣቱ በበኩሉ 500 የሚለውን ቁጥር የወሰነው ሻጩ መሆኑን፣ ከዚያ ቁጥር ውጭም የሠዓሊው ናሙና ተብለው የሚለዩ ቅጂዎች እንደሚኖሩ አነሳ። የድሮዎቹን ያሳነሳቸው ግን ጊዜ ነው፤ ስቱዲዮዎች ቀለሙን አጥበው ፕላስቲኩን ደግመው ይጠቀሙበት ነበር፣ ብዙውንም ጥለውታል። ዲዝኒላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አንዱ ሴል በጥቂት ዶላር ይሸጥ እንደነበርም ነገረን።

ፍሬም ቤት የምትሠራ እህታችን እስከዚያ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ፣ ወጣቱ ይዞት የመጣውን ሴል ተቀብላ ወደ መስኮቱ ዘወር አደረገችው። የኮዮቴው ብጤ በሆነ እንስሳ ደረት ላይ ቡናማው ቀለም ተሰነጣጥቆ፣ አንዲት ቅንጣት ከፕላስቲኩ ተላቅቃ ነበር። ጠጋ ብላ አሸተተችውና «ገና ነው» አለች። አሲቴት የሚባለው ፕላስቲክ ሲበላሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ይኮማተራል፤ ከእሱ በፊት ይሠራበት የነበረው ናይትሬት ደግሞ እሳት ይወዳል። መስታወቱ ቀለሙን እንዳይነካ፣ ፀሐይም እንዳያገኘው ሁለቱንም መከረቻቸው። ከዚያ፣ መስመሩን የገለበጡትና ቀለሙን የሞሉት በአመዛኙ የስቱዲዮው ሴት ሠራተኞች እንደነበሩ፣ የብዙዎቹ ስምም ፊልሙ ላይ እንዳልወጣ ተናገረች።

በእኔ ፍርድ ወጣቱ ስለ ዕቃው ማንነት የተናገረው ትክክል ነው፤ ካሜራ ፊት የቀረበ ሴል የፊልሙ አካል ነው፣ ሌላው አይደለም። ይሁን እንጂ የጋሼን ሥዕል ተራ ማስመሰያ አድርጎ ማየቱን አልቀበለውም። እሱ ሠዓሊው ያጸደቀውና የፈረመበት ቅጂ ነው፤ እንደ ማንኛውም የተፈረመ የኅትመት ሥዕል በዚያው መጠን ሊከበር ይገባዋል። ጥፋት የሚሆነው ሻጭ «ከፊልሙ የወጣ» ብሎ ሲያቀርበው፣ ወይም የታተመን ፊርማ በእጅ እንደተጻፈ አድርጎ ሲሸጥ ነው። ጋሼ የገዙት ምን እንደሆነ አውቀውና ሊያዩት ወደውት ስለሆነ አልተታለሉም። ለልጆቼ ሀብት ይሆናል ብለው ቢሆን ኖሮ ግን ከወጣቱ ጋር እቆም ነበር፤ አምስት መቶ አቻ ያለው ዕቃ፣ አቻዎቹ በየሰው ቤት በደህና ተቀምጠው ሳለ፣ ዋጋው ይንራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ከሁሉ የከነከነኝ የእህታችን ቃል ነው። ጆንስ እ.ኤ.አ. በ2002 ዐርፏል፤ ስሙ በደህና ተጠብቋል። የጋሼ ሴል ጀርባ ላይ ያ ሁሉ ቀለም ከመስመር ሳያልፍ የተሞላው በሌላ ሰው እጅ ነው፣ የወጣቱም እንዲሁ። ከሴሉ ጋር የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የፈራሚውን ስምና የቅጂውን ቁጥር ሲይዝ፣ የቀቢውንም ስም በዚያው መስመር መያዝ ነበረበት።