ጮቄን እያየሁ ቤት አጣሁ

ሶስት ወር ሙሉ ቤት ፍለጋ ጫማዬን ጨረስኩ፣ በቃ ዛሬ ልተንፍሰው። ባህርዳርን እወዳታለሁ፣ ጣና አላት አባይ አላት፣ ግን የሚያዝያው ሙቀት ለኔ ለደጋ ልጅ አይሆንም ኪራዩም በመንግስት ደመወዝ አይሞከርም። ልጄ ከስልክ ስክሪን ተላቆ ሜዳ ላይ ይሩጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገት አብረን እንውጣ ብዬ ነው ማርቆስና እንጅባራ ላይ የሙጥኝ ያልኩት። ይሄ ቅንጦት ነው እንዴ?

ማርቆስ ላይ አንዱ ደላላ "ጮቄ በመስኮት ይታይሃል" ብሎ ወሰደኝ። መስኮቱን ስከፍተው የጎረቤት ቆርቆሮ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው! አከራይዋ ደግሞ ገና ሳልቀመጥ "ልጅ አለህ? ልብስ በሳምንት ስንቴ ነው የምታጥቡት?" አሉኝ። እማማ ልጅ ነው እኮ ይቆሽሻል አልኳቸው፣ "እሱማ ልክ ነህ የኔ ልጅ፣ ግን ውሃው በፈረቃ ነው" አሉና ግቢው ውስጥ የተደረደረውን ቢጫ ጄሪካን አሳዩኝ። እሳቸው ላይ አልፈርድም። ግን እስኪ አስቡት፣ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ፣ ስንቱ የአባይ ገባር የሚነሳበት ተራራ ነው፣ እኛ እግሩ ስር ቁጭ ብለን የልጅ ልብስ ማጠቢያ ውሃ እንቆጥራለን። ያንገበግባል!

ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ የ6 ወር ነው የሚሉኝ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ከ2 ወር አይበልጥም ይላል፣ ይሄን ስናገር ደላላው "እንግዲያው አዋጁ ያከራይህ" ብሎኝ ሄደ።

እንጅባራማ ልቤን ወስዳው ነበር። ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፣ ብርዷ ደስ የሚል፣ ቀርከሃው፣ ፈረሱ፣ ዘንገና ሐይቅ እዛው ቅርብ፣ ልጄ ሐይቁን ከላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያየው ለረጅም ሰዓት ዝም አለ እንዲህ ዝም ብሎ አይቼው አላውቅም። የጭቃ ቤት አገኘን፣ ዋጋው ለአቅሜ የሚሆን፣ ጓሮ ያለው፣ ልንስማማ ስንል ባለቤቱ "ላጤ ነው የምፈልገው ቤተሰብ አላስገባም" አለን። ልጄ እስከ መናኸሪያ ድረስ "አባ እዚህ አንኖርም?" እያለ ጠየቀኝ፣ ምን ልበለው?

ማርቆስ ወይ እንጅባራ ሁለት ክፍል፣ ውሃ በቅርብ ያለው፣ ልጅ የማይጠላ አከራይ የምታውቁ በናታችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ደላላ ብቻ እንዳትልኩብኝ።