«ጎጥ ነው የለያያቸው!»

ስኮትላንድ ከብሪታንያ ትገንጠል አትገንጠል የሚለው ጭቅጭቅ ጣና ዳር ድረስ ይከተለኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ቀረሶው ገና ሳይጠበስ አንድ የሩቅ ዘመዴ «እናንተ አገር መገንጠሉ ከምን ደረሰ?» አለኝ። የምኖረው ግላስጎው ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 8 ቀን 2007 ሕዝበ ውሳኔው ሲካሄድ «አትገንጠል» ብዬ ድምፅ እንደሰጠሁ ነገርኋቸው።

«ባለቤትህ እንግሊዝ ናት እንዴ?»

ኧረ በጊዮርጊስ! የደብረ ታቦር ልጅ ናት።

«ታዲያ ምን ነካህ?»

ምክንያቴን አስረዳሁ። የመገንጠሉ ንቅናቄ መሪ፣ ያኔ የስኮትላንድን መንግሥት ይመራ የነበረው አሌክስ ሳልሞንድ፣ ብንገነጠልም በፓውንድ እንገበያያለን ይላል፤ ለንደን ፓውንድ አንጋራም ትላለች። ጡረታዬን በምን ገንዘብ ሊከፍሉኝ ነው? ይኸው ነው። አንድ ሽማግሌ አዘኑልኝ፤ «አገር በጡረታ ይለወጣል፣ ልጄ?»

ግላስጎው ውስጥ «ትገንጠል» ያለው ይበልጥ ነበር፤ በጠቅላላው ግን 55 ለ45 ተሸነፉ። መስኮቱ ላይ ባንዲራ ሰቅሎ የከረመው ጎረቤቴ ከዚያ በኋላ ሰላምታ ነሳኝ፤ መሰላል መዋስ ሲያምረው ታረቀኝ። ፈሪ ብሎኛል፣ ስስታም ብሎኛል። አያትህ ማን ነው ግን አላለኝም። ፈሪ ብባል ግድ የለኝም፤ መከራከር እችላለሁ። በሚስቴ ከመጡብኝ ምን እመልሳለሁ?

ሳልሞንድ በተሸነፈ ማግሥት ሥልጣን እለቃለሁ ማለቱን ስነግራቸው ማንም አላመነኝም። «ማን አስገድዶት?» ማንም! «እሱማ ያልነገሩህ ነገር አለ።»

እዚያ ያሉት ቅዱሳን ናቸው ማለቴ አይደለም። ሳልሞንድና የተካችው ኒኮላ ስተርጀን፣ እሱ ያሳደጋት ናት የምትባለው፣ ዓይንና ናጫ ሆነው ነው የቀሩት። ሴቶች ክስ አቀረቡበት፤ የእሷ መንግሥት ክሱን ያጣራበት መንገድ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ፍርድ ቤት ተረታ፤ እሱም በ2012 ከወንጀል ክሱ ነጻ ወጣ፤ በዓመቱ አልባ የሚባል ፓርቲ ይዞ ብቅ አለ። ጥቅምት 2017 ሲሞት እንኳ አልታረቁም ነበር።

ይህን ማውራት አልነበረብኝም። ገበታው ለሁለት ተከፈለ! ስሙን ገና አሁን የሰማ ጎረምሳ ስለ ሳልሞንድ ጠረጴዛ ይደበድባል፤ ዘመዴ ስለ ስተርጀን ይምላል። ድንገት አንዱ «ቆይ፣ ሰውየው የትውልድ አገሩ የት ነው?» አለ። ሊንሊትጎ። «እሷስ?» ኧርቪን። «በሉ ተገኘ! ጎጥ ነው የለያያቸው!» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የለፈለፍሁት የፍርድ ቤት ነገር ውሃ በላው።

እኔም ተናድጄ ወደ ቤታችን መለስኋቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 39 የመገንጠልን መንገድ ዘርዝሮ አስቀምጧል፤ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከተቀበለው የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል። ስኮቶቹ ይህን የመሰለ አንቀጽ የላቸውም። በ2005 ከለንደን ጋር ተፈራርመው ነው ድምፅ የሰጡት፤ ሁለተኛውን ሲያስቡ ኅዳር 2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ለንደን ፈቃድ አይሆንም አላቸው፤ እያጉረመረሙ ተቀመጡ። እኛስ አንቀጹ እያለን ስንት ሰው ቀበርን? አልሁ። ዘመዴ ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ገልመጥ አደረገና ዘንድሮ አርሰናል ዋንጫ ይወስድ እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ ስኮትላንድ ሲጮህ የነበረው ሰው!

ሒሳብ ሲመጣ የሳልሞንድም የስተርጀንም ወገን እኩል ወደ እኔ ዞረ። ጡረታዬን የናቁት ሽማግሌ ሳይቀሩ «ፓውንድ ያለው ይክፈል እንጂ» አሉ።