ውዳሴ ዘአውራ ጣት

ዛሬ ላመሰግነው የፈለግሁት ሰው ደመወዝ የለውም። ቅዳሜና እሁድ አያርፍም። «ጎሽ» ያለው ሰውም የለም። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በየግሩፑ ሁለት ሦስት አይጠፋም። የደረሰውን መልእክት ሁሉ ሳያነብ፣ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ ለሚያውቀው ሁሉ የሚያሳልፈው ሰው ማለቴ ነው።

በቀደም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ። «ዛሬ ሌሊት አደገኛ የጠፈር ጨረር በመሬት አጠገብ ስለሚያልፍ ስልካችሁን አጥፍታችሁ፣ ከራሳችሁ አርቃችሁ ተኙ። ለምትወዷቸው ሁሉ አድርሱ» ይላል። ስልኬን እንዳጠፋ ሊነግረኝ በስልኬ ቀሰቀሰኝ። እሱስ? እሱማ ማን እንዳነበበለት ሊያይ ምልክቷ ሰማያዊ እስክትሆን ድረስ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ቁጭ ብሏል። ለወገን ብሎ በጨረር መመታት ማለት ይኼ ነው። ይኸው ጨረር ለዓመታት በየጊዜው «ዛሬ ሌሊት» ሲያልፍ ኖሯል። መሬትም ደህና ናት፣ ወዳጄም ደህና ነው፤ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

የዚህ ሰው ትልቁ ግኝት አንዲት ቃል ናት፤ «እንደደረሰኝ»። ከመልእክቱ ግርጌ ጣል ያደርጋታል። ጥበቧን እዩልኝ። ነገሩ ውሸት ከሆነ እሱ አልዋሸም፤ ደርሶት ነው። እውነት ከሆነ ግን ቀድሞ የነገረን እሱ ነው። ድሮ «እንዲህ አሉ» ሲባል አንድ ነገረኛ ሽማግሌ «ማን አለ?» ይልና ወሬው እዚያው ይንተባተብ ነበር። «እንደደረሰኝ»ን ማን ይጠይቀዋል? ደረሰው፣ አሳለፈው፣ በቃ። ቧንቧን «ይህን ውሃ ከየት አመጣኸው?» የሚል ሰው አለ እንዴ?

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የሚል ተረትም አለን። መላ ግን ጊዜ ይፈጃል። የኛ ሰው የሚጨምረው ሁለት እጅ የተጋጠመበትን ምስልና ሦስት ቃለ አጋኖ ነው።

ፍጥነቱን በዓይኔ ያየሁት በድሮ የክፍል ጓደኞቻችን ግሩፕ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ ልጅ የሂሳብ መምህራችን ማረፋቸውን ለጠፈ። የስማቸው ጽሑፍ አለ፣ የሚበራ ሻማ አለ፣ ከታች «እንደደረሰኝ» አለ። ኋላ ቁጭ ብዬ ስቆጥረው በሃያ ደቂቃ ውስጥ አርባ ሦስት «ነፍስ ይማር» ተጽፏል። አንዷ ግጥም ገጠመች። በተማሪነቱ ከክፍል ያላስወጡት ቀን ያልነበረ ልጅ «ለኔ እንደ አባት ነበሩ» አለ። ከአርባ ሦስተኛው ቀጥሎ ግን የጻፉት መምህሩ ራሳቸው ናቸው። ለካ ግሩፑ ውስጥ አሉ።

«ልጆች፣ ለጊዜው ደህና ነኝ።»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። የኛዎቹ ግን በጀመሩት ሥራ አይዘናጉም። ከመምህሩ መልእክት በታች ሌላ ዘጠኝ «ነፍስ ይማር» ተከተለ። አንዱማ የጻፉትን ራሱን ጠቅሶ «ነፍስዎን በአፀደ ገነት ያኑርልን» አላቸው። ከዘጠኙ ውስጥ ስድስተኛው እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኬን ጠረጴዛ ሥር ይዤ ስሙን አየሁ፣ ሻማውን አየሁ፣ ጣቴ ጻፈች።

ወሬውን ያመጣውን ልጅ ከየት እንዳገኘው ጠየቅነው። ከሌላ ግሩፕ። እነሱስ? ከሌላ ግሩፕ። የሰሚ ሰሚ ተከትለን ተከትለን መጨረሻ ላይ ስማቸው የሚመሳሰል ሌላ መምህር ጋ ደረስን። እሳቸው ደግሞ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ልጁ ይቅርታ አልጠየቀም። ለምን ይጠይቃል? «እንደደረሰኝ» ብሏላ።

እንዲህ ያለው ትጋት የኛ ግሩፕ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2017 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ፌስቡክ ላይ የተጋሩ፣ ሊንክ ያላቸው ከ35 ሚሊዮን በላይ ልጥፎችን መርምረው ውጤቱን በ2024 አሳትመዋል። 75 በመቶ ያህሉ የተጋሩት ሊንኩ ሳይከፈት ነው። ከአራቱ ሦስቱ ማለት ነው። የቀረውን አንዱን አራተኛ ያጋሩት ሰዎች ሥራ የፈቱ መሆን አለባቸው።

ከዚያ በፊትም፣ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ አንድ የቀልድ ድረ ገጽ አንድ ዜና አውጥቶ ነበር። ርዕሱ «70 በመቶ የሚሆኑ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች አስተያየት ከመስጠታቸው በፊት ከሳይንስ ዜና የሚያነቡት ርዕሱን ብቻ ነው» የሚል ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ከአጭር መግቢያ በቀር ሐተታ የለም። ያለው አታሚዎች ባዶ ቦታ ለመሙላት የሚደረድሩት ትርጉም የለሽ ላቲን ነው። ወደ 46,000 የሚጠጋ ሰው ሼር አደረገው። ጥቂቱ ቀልዱ ገብቶት ይሆናል። የቀረው ግን ስለ ራሱ የተጻፈ ዜና በገዛ እጁ አሰራጨ፤ ትሕትና ይሏል ይህ ነው።

የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ደግሞ ለሰው ልጅ ክብር የቆመ ነው። ከ2006 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ትዊተር ላይ የዞሩ ወደ 126,000 የሚሆኑ ወሬዎችን ተከታትለዋል። ውሸቱ እንደገና የመጋራት ዕድሉ ከእውነቱ በ70 በመቶ ይበልጣል። እውነቱ 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ ውሸቱ ከሚፈጅበት ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ ፈጅቶበታል። «ይህማ የሮቦት ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። እነሱም ጠርጥረው ቦቶቹን፣ ማለትም ሰው ሳይሆን ፕሮግራም የሚያንቀሳቅሳቸውን አካውንቶች፣ ለይተው አይተዋል። ቦቶቹ እውነትና ውሸቱን እኩል ነው የሚያሰራጩት። ልዩነቱን ያመጣው ሰው ነው። ማሽን ሥራችንን ሊቀማን ነው እያላችሁ ለምትሰጉ ሁሉ፣ ይኸውና ማሽን ያልደረሰብን ሙያ።

ደግሞ ይህን ሙያ ያቀለሉልንን ባለሙያዎች አለመጥቀስ ውለታ መብላት ይሆናል። ትዊተር ላይ ድሮ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ማጋራት የፈለገ ቀድቶ፣ ለጥፎ፣ የባለቤቱን ስም ጽፎ ነበር። እስኪቀዳው ድረስ ዓይኑ ሳይወድ በግድ ያነበዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. ይህ ሁሉ ጣጣ በአንድ ቁልፍ ተተካ። ቁልፏን የሠራውን ቡድን የመራው ክሪስ ዌዘረል ከአሥር ዓመት በኋላ ሥራውን ያነጻጸረው ለአራት ዓመት ሕፃን ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ከመስጠት ጋር ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የአራት ዓመት ሕፃን ቢያንስ «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ሕንድ ውስጥ የሆነውን ላንሳ። በ2018 እ.ኤ.አ. በዋትስአፕ አንድ ቪዲዮ ዞረ። ሁለት ሰዎች በሞተር ሳይክል መጥተው መንገድ ላይ ከሚጫወቱ ልጆች አንዱን አፈፍ አድርገው ይሄዳሉ። ቪዲዮው ፓኪስታን፣ ካራቺ ውስጥ ስለ ልጆች ደህንነት ለማስተማር የተሠራ ነው። መጨረሻ ላይ ሰዎቹ ልጁን ይመልሱትና ወላጆችን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ያሳያሉ። አንድ ሰው ያችን መጨረሻ ቆረጣት። ሌሎቹ ሁሉ ምንም አልቆረጡም፤ እንደደረሳቸው አሳለፉ። በዚያ ዓመት «ልጅ ሌቦች መጡ» በሚል ወሬ ከሃያ በላይ ሰዎች በደቦ ተደብድበው ሞቱ። ማሃራሽትራ ግዛት፣ ራይንፓዳ በምትባል መንደር ብቻ አምስት ሰዎች በአንድ ቀን ተገደሉ። ከቦታ ቦታ እየዞሩ የሚለምኑ ሰዎች ነበሩ።

ደብዳቢዎቹ ተፈለጉ፣ ተያዙ። መልእክቱን ያሳለፉት ግን ለልጆች የሚቆረቆሩ አባቶችና እናቶች ናቸው። እነሱን ምን ብለህ ትይዛቸዋለህ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የኛ ሰው ግን አፍስሶ ይሄዳል፤ የሚለቅሙት ሌሎች ናቸው።

በጎ ሠሪ ጠላት አያጣምና፣ ከዚያ በኋላ ዋትስአፕ ገደብ አመጣ። ሕንድ ውስጥ አንድን መልእክት በአንዴ ከ5 ቻት በላይ ማሳለፍ አይቻልም አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለዓለም ሁሉ አደረገው። በ2020 ደግሞ ብዙ እጅ የዞረውን መልእክት በአንዴ ለ1 ቻት ብቻ አለ። ኩባንያው ራሱ እንዳስታወቀው ብዙ የዞሩ መልእክቶች ስርጭት በ70 በመቶ ቀነሰ። ልብ በሉ፣ የተከለከለ ነገር የለም። ለመቶ ሰው መላክ ያማረው አሁንም ይችላል፤ መቶ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። «ለወገኔ ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም» ሲል የነበረው ሰው ጣቱን ሁለቴ ማንሳት ሲጠበቅበት እንቅልፉ ወሰደው።

ትዊተርማ ባሰ። በዚያው በ2020፣ ሳይከፍት ዜና ለሚያጋራ ሰው «መጀመሪያ አታነበውም?» የምትል ማሳሰቢያ ብቅ ማድረግ ጀመረ። እስኪ አሁን ይሄ ትልቅ ሰው ይጠየቃል? ውርደቱ ግን ሠራ፤ ማሳሰቢያዋን ያዩ ሰዎች ጽሑፉን የሚከፍቱት ከበፊቱ በ40 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ።

ማስተካከያን በተመለከተ ወዳጄ ጥብቅ መርህ አለው። አያሳልፍም። ማስተካከያ ሻማ የለውም፣ ቃለ አጋኖ የለውም፣ «ለምትወዷቸው አድርሱ» አይልም። አንድ ጊዜ «የላክልኝ ነገር እኮ ውሸት ነው» ብዬ ማረጋገጫውን ላክሁለት። «ቢሆንም መጠንቀቅ አይከፋም» አለኝ። ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር እስካሁን እየፈለግሁ ነው።

መምህራችን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከእኛው ጋር ግሩፑ ውስጥ ቆዩ። «ለጊዜው ደህና ነኝ» መቀለጃችን ሆነች። ሰው ቢጠፋ «ለጊዜው ደህና ነህ?» እንለዋለን። እሳቸውም ይስቃሉ። ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ከሳቸው ስልክ መልእክት መጣ። ሻማ የለውም፣ ምስል የለውም። «ልጃቸው ነኝ። አባቴ ዛሬ ሌሊት አርፈዋል። ስለ ሁሉም እናመሰግናለን» ይላል።

የመጀመሪያው መልስ ሳቅ ነበር፤ አራት የሚስቁ ፊቶች። ሁለተኛው «ቲቸር፣ አሁንማ አንሸወድም» አለ። ሌላው «ለጊዜው ነው?» አለ። ከዚያ ግሩፑ ጸጥ አለ። እስከ ማታ አንድም «ነፍስ ይማር» አልተጻፈም። ማታ ላይ ያ የዛሬ ሁለት ዓመት መርዶውን ያመጣው ልጅ ብቅ አለና ረዘም ያለ ምክር ጻፈ። «እባካችሁ፣ በሰው ሞት አይቀለድም። ሳታጣሩ አትለጥፉ።»

ሁለት ሰው ላይክ አደረገለት። አንደኛው እኔ ነኝ።