የውቅያኖስ መሞቅ ለጎጃምም ጉዳዩ ነው

«ባሕር የለን፣ ወደብ የለን፤ የውቅያኖስ ነገር ለጎጃም ሰው ምኑ ነው?» ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ሻይ ስንጠጣ አብሮ አደጌ የጠየቀኝ ነው። ጥያቄው ከብዙ ሰው አፍ ስለሚወጣ እዚህ ልመልሰው።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ፀሐይ ላይ የዋለ አምቦ ውሃ የከፈተ ሰው ያውቀዋል፤ ገንፍሎ ልብስ ያረጥባል። የቀዘቀዘው ግን ጋዙን ይዞ ይቆያል። ውሃ በሞቀ ቁጥር ጋዝ የመያዝ አቅሙ ይደክማል፤ ውቅያኖስም ያው ውሃ ነው።

የሰው ልጅ በየዓመቱ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን፣ ወደ 10 ቢሊዮን ቶን የሚጠጋውን፣ ውቅያኖስ ይውጥልናል። ምድር ላይ ከተጠራቀመው ትርፍ ሙቀትም ከ90 በመቶ በላዩን የተሸከመው እሱ ነው። የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው፤ አንዱ ሸክም ሌላውን እያስጣለው ነው። የላይኛው ውሃ ሲሞቅ ይቀላል፤ ከሥሩ ካለው ቀዝቃዛና ከባድ ውሃ ጋር እንደ ልብ አይደባለቅም፤ ካርቦን የጠገበውም ወደ ጥልቁ ሳይወርድ ላይ ላዩን ይቀራል። የባሕር ገጽ ሙቀት ክብረ ወሰን በሰበረበት እ.ኤ.አ. 2023 ውቅያኖስ የወሰደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተጠበቀው 10 በመቶ ያህል ማነሱን ተመራማሪዎች አስልተዋል።

ውቅያኖስ ያልወሰደው አየር ላይ ይቀራል። አየሩ ደግሞ ድንበር የለውም፤ ጮቄ ላይ ገብስ የሚዘራውም የሚኖረው በዚያው አየር ሥር ነው።

«ዛፍ እንተክላለን» የሚል መልስ እሰማለሁ። መትከሉን እደግፋለሁ። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዓይነት ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ኑሮውን አሻሽሏል፤ ደግ አደረገ። ዳሩ ግን ከሰሉ ሲነድ ዛፉ የያዘው ካርቦን ተመልሶ አየር ውስጥ ይገባል። የባሕርን ድርሻ በችግኝ እንተካለን ማለት የማይሆን ተስፋ ነው። ነዳጅና ድንጋይ ከሰል በብዛት የሚያነዱ አገሮች ማቃጠላቸውን መቀነስ አለባቸው፤ የእኛም ተደራዳሪዎች በዓለም የአየር ንብረት ጉባኤዎች የባሕርን ጉዳይ ወደብ ላላቸው ብቻ ሊተዉት አይገባም።

ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይን የሚመግበው ዝናብ እንኳ እርጥበቱ ከሩቅ ባሕር የተነሣ ነው። የጂኦግራፊ መምህሮቻችን የዓባይን ታሪክ ከምንጩ ሳይሆን ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ ቢጀምሩልን እወዳለሁ።