ይድረስ ለክቡር የዝናብ መጥረጊያ ሞተር

ባሉበት፣ ማለትም በአባቴ ላንድሮቨር ዳሽቦርድ ሥር።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ዝናብ ካልዘነበ በጣም ደህና ነኝ። ችግሩ ወሩ ሐምሌ ነው።

ከሶማሌ ተራ ያመጣሁዎት ቀን ትዝ ይልዎታል? ሻጩ «ለማንኛውም መኪና ይሆናል» ብሎ ማለልኝ። እ.ኤ.አ. የ1964 ላንድሮቨር «ማንኛውም» ውስጥ እንደማትገባ እሱም አላወቀ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

የዛሬ መኪና ሁሉ ማሳው ኔጋቲቭ ነው። (ማሳ ስል የጤፉን እንዳይመስልዎ። ጣልያን ጥሎልን የሄደውን፣ ቦዲው ላይ የሚታሰረውን የባትሪ ጫፍ ነው።) የአባቴ መኪና ግን ቦዲዋ ላይ ያሰረችው ፖዘቲቩን ነው። ያኔ እንግሊዞች እንዲያ ይወዱ ነበር፤ ዝገት ይቀንሳል ይባል ነበር። አሜሪካ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1956 ሞዴሉ ተወው። የእንግሊዞቹ መኪና ኤምጂቢ እንኳ በ1967 ተወው። ቀረን እኔና እሷ።

ከእርስዎ በፊት የነበረው ሞተር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጨዋ ነበር። በማግኔት ፈንታ የሽቦ ጥቅል ስለነበረው ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ቢገለበጥበትም በለመደው አቅጣጫ ይዞር ነበር። እርስዎ ባለ ቋሚ ማግኔት ነዎት። ሽቦ ሲገለበጥ አብረው ይገለበጣሉ።

መጀመሪያ የታሰሩ ቀን ጠረጉ። ወዲያ ወዲህ ስለሚሉ ማንም አልጠረጠረዎትም። ሳጠፋዎት ግን ጥግ ሄደው መተኛት ሲገባዎት ልክ ዓይኔ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ኤሌክትሪሻኑ አንገቱን ነቀነቀ። «ወደ ኋላ እየዞረ ነው» አለ። ሁለቱን ሽቦ አቀያየራቸው።

እዚህ ላይ ነው ተንኮልዎ የወጣው። አንዱ መስመርዎ ከገዛ አካልዎ ጋር የተገናኘ ነው። ሽቦው ሲቀያየር ጠቅላላ ገላዎ ኤሌክትሪክ ለበሰ። እኛ ደግሞ እርስዎን ቦዲው ላይ በብሎን ልናጠብቅ! ሦስተኛው ብሎን ሲነካ ጧ! ቫልቮላው ሄደ። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ጃኬቴ ላይ እስከዛሬ አለ።

ሰውየው ሰነፍ አይደለም። ከሥርዎ ጎሚኒ አነጠፈ። የግሉኮስ ቱቦ ቆራርጦ ብሎኖቹን አለበሳቸው። ሻይ ጠጥተን፣ እጅ ተጨባብጠን ተለያየን። ቦሌ ሳልደርስ ዳግመኛ ጧ! ገላዎን ብንሸፍን ለካ መጥረጊያዎቹን የሚገፋውን ክንድዎን ረስተነው ኖሯል። እሱም ብረት፣ የሚነካውም ብረት። ያን ቀን አንገቴን በመስኮት አውጥቼ፣ በአንድ እጄ መስታወቱን በሶፍት እየጠረግኩ ቤቴ ገባሁ። አንዲት እናት ከታክሲ ውስጥ አይተውኝ አማተቡ።

ሰፈሩ ሁሉ «ባትሪውን ገልብጠህ አትገላገልም?» ይለኛል። ይቻላል። ዲናሞውን እንደገና ማስለመድ ነው፣ የኮይሉን ሽቦዎች ማቀያየር ነው፣ ሌላም ሌላም። ግን አባቴ ኮፋኖው ሥር በራሱ እጅ፣ በቀይ ቀለም «ፖዘቲቭ ቦዲ ላይ!» ብሎ ጽፎበታል። ከአባቴ ጽሑፍ ጋር የምከራከረው እርስዎን ለማስደሰት ነው?

አሁን ክንድዎ መጋጠሚያ ላይ የፕላስቲክ ቡሽ ገብቶልዎታል። ሦስት ቀን ሙሉ በሰላም ጠርገዋል፤ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ። አንድ ነገር ላሳውቅዎ ብዬ ነው የጻፍኩት። ትናንት ወንድሜ ለመኪናዋ የሚሆን ቴፕ በስጦታ ይዞልኝ መጣ። አዲስ ነው። ገላው ብረት ነው። ጀርባው ላይ «ማሳ፦ ኔጋቲቭ» ይላል።

ጎረቤትዎ ሊሆን ነው።